«የሻምፓኝ እራት» ብለው 225 ዶላር ሲጠይቋችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ሰላም ወገኖች። በተለይ ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ። የደረሰብንን ልንገራችሁ። የበዓል ሰሞን እየመጣ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

ከባለቤቴ ጋር የተጋባንበትን 10ኛ ዓመት ለማክበር፣ ዲሲ ውስጥ ያለ አንድ የፈረንሳይ ሬስቶራንት ያዘጋጀው የሻምፓኝ እራት ላይ ቦታ ያዝን። ማስታወቂያው ዓይን ይስባል። አምስት ዙር ምግብ፣ ከእያንዳንዱ ጋር ተመርጦ የሚቀርብ የተለያየ ሻምፓኝ፣ ጥቂት ወንበር ብቻ፣ ለአንድ ሰው 225 ዶላር። ሦስተኛው ዙር ላይ የሚቀርበው ሻምፓኝ የ2012 ምርት ነው ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ክፍያው በቅድሚያ ነው፣ ከተከፈለ አይመለስም። እኔም 450 ዶላሩን በካርዴ ከፈልኩ። ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ባለቤቴ ሁለት ቅዳሜ ተጨማሪ ሥራ ገብቶ ያመጣው ነው።

የሬስቶራንቱን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ጉዳዩ ባንክ ጋር በክርክር ላይ ነው ያለው። ግን አሠራሩን ካወቃችሁት የትም ስትሄዱ ትለዩታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ዲሲ ውስጥ ሊከር ስቶር (መጠጥ መሸጫ ሱቅ) ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የወይን ጠቢብ ነኝ አልልም፣ ግን ጠርሙስ ሳይ ምን እንደሆነና ስንት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ያንን ባላውቅ ኖሮ ያን ቀን ምስጋና አቅርቤ ነበር የምወጣው፣ ከእኛ ጋር የነበሩት ሰዎች እንዳደረጉት።

ስንደርስ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን፣ 12 ሰው ሆነን። ሻማ በርቷል፣ አበባ አለ፣ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ከኦይስተር (ከነቅርፊቱ ከሚቀርብ የባሕር ምግብ) ጋር የቀረበ «ብላን ደ ብላን» ነበር፣ ማለትም ከነጭ የወይን ፍሬ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሻርዶኔ ከሚባለው፣ የተሠራ ሻምፓኝ። ጠርሙሱን አየሁት፣ እውነተኛ ነው፣ ጣዕሙም ቆንጆ ነበር። ይሄን አልክድም። ችግሩ እኔ ኦይስተር አልበላም። ቦታ ስይዝ ጽፌላቸው ነበር፣ «እሺ፣ ሌላ እናዘጋጃለን» ብለው መልሰውልኛል። ሌላ የተባለው ሲመጣ በሎሚ የታሸ ሰላጣ ቅጠል ነው። የትልቅ ሳህን መሀል ላይ እፍኝ የማይሞላ ቅጠል። ባለቤቴ የኔን ፊት አይቶ የራሱንም ሳይጨርስ ተወው። እራቱ ሁሉ የተሸጠልን ምግቡና መጠጡ ተመራርጠው ይቀርባሉ ተብሎ ነው፤ በሎሚ ከታሸ ቅጠል ጋር ሻምፓኝ መጠጣት ግን አፍን መራራ ያደርገዋል እንጂ አይስማማም።

ሁለተኛው ብርጭቆ ሲመጣ ጠርሙሱ በነጭ ፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። አስተናጋጁ እጁን እንኳን ከጽሑፉ ላይ አላነሳም። ጠጣሁት። አልመሰለኝም። «ጠርሙሱን ላየው እችላለሁ?» አልኩት። «አመጣልሻለሁ» ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። መጸዳጃ ቤት ልሄድ ስነሳ ጥጉ ላይ በረዶ ውስጥ የተተከሉ ጠርሙሶች አየሁ። ፎጣው ወርዷል። ጽሑፉ ላይ ያለው «ክሬማን ደ ሉዋር» ነው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ።

ክሬማን ምን እንደሆነ ለማታውቁት፣ መጥፎ መጠጥ አይደለም። እሱም የፈረንሳይ ነው፣ አሠራሩም ከሻምፓኝ ጋር ይመሳሰላል፣ ጠርሙስ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይብላላል። ግን ሻምፓኝ አይደለም። ሻምፓኝ የሚባለው ከፓሪስ በስተምሥራቅ፣ ራንስና ኤፐርኔ የሚባሉት ከተሞች ካሉበት ከሻምፓኝ አውራጃ የመጣው ብቻ ነው። ዋጋውም ሌላ ነው። ክሬማን እኛ ሱቅ ከ20 እስከ 30 ዶላር ይሸጥ ነበር፣ ተራ የሚባለው ሻምፓኝ ደግሞ ከ45 ወይም 50 ዶላር በታች እምብዛም አይገኝም ነበር። ክሬማን ከፈለግኩ ክሬማን ብላችሁ ሽጡልኝ፣ በዋጋው ልክ እከፍላለሁ።

እኛ ሀገር ሰርግ ላይ ቡሽ እየተፈናጠረ የሚከፈተውን ሁሉ ሻምፓኝ ብለን ነው ያደግነው። ለሰርግ ምንም አይደለም፣ ደስታ ነው፣ የሚጣላ የለም። ግን በዛው ልማድ እዚህ ስንመጣ አረፋ ያለውን ሁሉ ሳንጠይቅ ተቀብለን የሻምፓኝ ዋጋ እንከፍላለን።

ወደ እራቱ ልመለስ። ሦስተኛው ዙር ያው የተጠበቀው የ2012 ነው። ዓሣ ቀረበ፣ ጥሩ ዓሣ ነው። ጠርሙሱ መጣ። በዚህ ጊዜ ሻምፓኝ መሆኑ እውነት ነው፣ ፎጣም የለበትም። ግን ዓመተ ምሕረት የለውም። ዞር አድርጎ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት፣ ከኋላም የለም። «የ2012ቱ አልቆብን ነው፣ ይሄም የዛው ቤት ነው» አለኝ፣ የዛው አምራች ማለቱ ነው። እንደ ቀላል ነገር።

ቀላል አይደለም። ዓመት ያልተጻፈበት ሻምፓኝ የተለያዩ ዓመታት ወይን ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፣ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 15 ወር መቆየት አለበት። ዓመት የተጻፈበት ግን የዛ ዓመት ወይን ብቻ ነው፣ ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፣ ብዙ ቤቶች ደግሞ ከዛም በላይ ያቆዩታል። የአንድ ቤት ሆነው እንኳን የዋጋ ልዩነታቸው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ማስታወቂያው ላይ 2012 ብሎ መጻፍና ዓመት የሌለው መቅዳት ሥጋ አዝዘህ አጥንት እንደማቅረብ ነው። ደግሞ ሲያልቅ ነግረውን መምረጥ እንችል ነበር። ማንም አልነገረንም።

አራተኛው ቀይ ነገር ጣል ያለበት ሮዜ ነበር፣ ከዳክዬ ጋር። ጠርሙሱ ላይ «ካሊፎርኒያ ሻምፓኝ» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ ምክንያቱም ቃሉ እውነትም ተጽፏል። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ስለ ወይን ስምምነት ሲፈራረሙ፣ ከዚያ በፊት ስሙን ይጠቀሙ የነበሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች እንዲቀጥሉበት ተፈቅዶላቸዋል፤ የመጣበትን ቦታ አብረው ይጻፉ እንጂ። ስለዚህ ጠርሙሱ ሕገወጥ አይደለም። ግን «የፈረንሳይ ሻምፓኝ ቤቶች ምሽት» ብሎ አስተዋውቆ እሱን መቅዳት ሌላ ነገር ነው። እሱንም ፎቶ አነሳሁ።

የመጨረሻው ከቸኮሌት ኬክ ጋር መጣ። ቀምሼ አወቅኩት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ የጠጣነው ራሱ ነው። አምስት ዓይነት ተብለን በአራት ጨረስን። ደግሞ ደረቅ የሚባለው፣ ብሩት ነው። ብሩት በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ነው ያለው፣ ከጣፋጭ ኬክ በኋላ ስትጠጡት ሎሚ ይሆናል። ለጣፋጭ ሲሆን «ደሚ ሴክ» የሚባለው ነው የሚቀርበው፣ እሱ ከ32 እስከ 50 ግራም አለው። እኔ የሊከር ስቶር ሠራተኛ የማውቀውን፣ ምግብና መጠጥ አጣጥሞ ለማቅረብ 225 ዶላር የሚያስከፍል ቤት አያውቅም ብዬ አላምንም።

ብዛቱንም ልንገራችሁ፣ ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው። ለ12 ሰው በየዙሩ አንድ ጠርሙስ ነበር የሚከፈተው። አንድ። ቆጥሬያለሁ። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለ12 ሲካፈል ለአንድ ሰው 62 ገደማ ይደርሳል። በብርጭቆ ሲሸጥ ከአንድ ጠርሙስ አምስት ወይም ስድስት ብርጭቆ ነው የሚወጣው፣ እነሱ 12 አወጡበት። መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ባልና ሚስት ጋ ሲደርስ አስተናጋጁ ጠርሙሱን ገልብጦ ጠብ ጠብ ሲያደርግላቸው አየሁ። ሴትየዋ ብርጭቆውን ወደ ሻማው አንስታ አየችው፣ ከዛ ምንም ሳትል አስቀመጠችው። አምስቱም ዙር ተደምሮ አንድ ሰው የጠጣው ግማሽ ጠርሙስ አይሞላም። ከጠረጴዛችን የሰበሰቡት 2,700 ዶላር ነው፣ የከፈቱልን አምስት ጠርሙስ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ከፍለን ስለገባን ሂሳብ የለብንም ብለን ነበር። በመሀል አስተናጋጁ «ካቪያር ልጨምርላችሁ?» ብሎ ነበር፣ የዓሣ እንቁላል ማለት ነው፣ ዋጋ ሳይጠራ። ባለቤቴ የእራቱ አካል መስሎት «እሺ» አለ። ለያንዳንዳችን 45 ዶላር ኖሯል። «ውሃ የቱን ይሻላችኋል፣ ጋዝ ያለውን ወይስ የሌለውን?» ሲሉን ደግሞ የቧንቧ ውሃ የሚባል ምርጫ አልጠሩም፣ ሁለት ጠርሙስ 18 ዶላር። ከዚያ 22 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ አስቀድመን የከፈልነውንም 450 ጨምሮ፣ 122 ዶላር ከ76 ሳንቲም። ታክስ 10 በመቶ፣ 55 ከ80። ድምሩ 736 ከ56። 450 ዶላር ብለን የገባንበት እራት ሌላ 286 ዶላር ከ56 ሳንቲም አስከፈለን። ከዛ በታች ደግሞ ለቲፕ የሚሞላ ባዶ መስመር አለ፣ 18፣ 20፣ 22 በመቶ እያለ። ሰርቪስ ቻርጁን ያላየ ሰው ሁለቴ ይከፍላል። ከጎናችን የነበረው ልጅ 20ውን በእስክሪብቶ ሲከብበው አይቼ ነገርኩት፣ ደነገጠ።

ፈረንሳይ አገር ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ታክሱንም የአገልግሎት ክፍያውንም ያካተተ መሆን አለበት፣ ሕጋቸው ነው። የምግቡን ስም ከዛ አምጥተው ይሄኛውን እዛው ትተውታል።

እዚያው ለምን አልተናገራችሁም ትሉኝ ይሆናል። ይሉኝታ ነው። ሰው ሁሉ ለብሶ አምሮበት ተቀምጧል፣ የጋብቻ በዓላችን ነው፣ ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዝ አድርጎ «ተይው፣ ቀኑን አናበላሸው» አለኝ። ተውኩት። ከፍለን ወጣን፣ መኪና ውስጥ ግን ሁለታችንም ዝም ብለን ነበር። እንዲህ ዓይነት እራት የሚያዘጋጁ ሰዎች ዝም እንደምንል ያውቃሉ።

በማግስቱ ጻፍኩላቸው፣ ከነፎቶው። የመለሱልኝ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን የ50 ዶላር ቫውቸር ነው። አልፈለግኩም። ለካርዱ ባንክ የታዘዘው ሌላ፣ የቀረበው ሌላ ነው ብዬ ክርክር ከፈትኩ። ክሬዲት ካርድ ከሆነ የባንኩ መግለጫ ከተላከላችሁ በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፣ ስለዚህ አታዘግዩት። ለከተማው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልም አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ በኢንተርኔት ነው፣ ክፍያ የለውም። የረዳኝ ሁለት ነገር ነው። የማስታወቂያውን ገጽ ከመሄዴ በፊት ስክሪንሾት አድርጌው ነበር፣ አሁን ያ ገጽ ላይ «2012» የሚለው የለም። ሁለተኛው የጠርሙሶቹ ፎቶ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ካርዳችሁን ሳታወጡ በኢሜይል ጠይቁ፣ በስልክ አይደለም። የእያንዳንዱን ጠርሙስ የአምራች ስምና ዓመት ይጻፉላችሁ። ለአንድ ሰው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚቀዳ ይንገሯችሁ። አንዱ ቢያልቅ ምን እንደሚተኩና ቀድመው ያሳውቁ እንደሆነ ጠይቁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ወይም የማትበሉት ነገር ካለ፣ በምትኩ የሚቀርበውን ምግብ ስሙን ይጥሩላችሁ፤ «እናዘጋጃለን» የሚለው መልስ እኔን ቅጠል ነው ያበላኝ። ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮ ስንት እንደሚመጣ አንድ ቁጥር ይስጧችሁ። እንዲህ ዓይነቱን እራት በትክክል የሚሠሩ ቤቶች አሉ፣ እነሱ ይሄን ስትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚመልሱት፣ ጠርሙሱንም ከመቅዳታቸው በፊት ያሳዩአችኋል።

ያው ቤት ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ሌላ የሻምፓኝ እራት ማስታወቂያ አውጥቷል፣ በ295 ዶላር። የከፈላችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ገጹን ስክሪንሾት አድርጉ። ያን ቀን ከእኛ ጋር ጠረጴዛው ላይ የነበራችሁም ይሄን ካነበባችሁ ጻፉልኝ፣ ፎቶዎቹን እልክላችኋለሁ።