ላዳክ፣ ቡታን ወይስ ሙስታንግ? ሂማላያ ለመሄድ ላሰባችሁ

ገደል አፋፍ ላይ የተሠሩ የቡዲስት ገዳማትን ማየት ለሚፈልግ ሰው ሂማላያ ላይ ሦስት ጥሩ ምርጫዎች አሉ። በህንድ ላዳክ፣ ቀጥሎ ቡታን፣ በኔፓል ደግሞ የላይኛው ሙስታንግ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ያያል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። እኔ ከሁለቱም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ እላለሁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት የማድረው ስንት ሜትር ላይ ነው? ጉዞው የሚበላሸውም የሚሠምረውም እዚህ ላይ ነው።

ላዳክ በዚህ በኩል ከሦስቱ ከባዱ ነው። ደልሂ ከባህር ጠለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ናት። አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ሌህ ከተማ 3,500 ሜትር ላይ ያወርዳችኋል። ክፍላችሁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ሻንጣ ይዞ ደረጃ መውጣት ብቻ ልብ ያስመታል። ማታ ራስ ምታቱ ይመጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። የአዲስ አበባ ሰው ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ከሚነሳው ትንሽ ይሻላል እንጂ «እኔ ደጋ ነው ያደግኩት» ብሎ መዝናናት አያዋጣም። ቆላ ለወራት የኖረ ሰውነት ከፍታውን ይረሳል።

እዚህ ላይ የሚሸጡትን አጫጭር ፓኬጆች ልብ በሉ። አንዳንዶቹ ሌህ በገባችሁ ማግስት ከ5,300 ሜትር በላይ ያለውን የካርዱንግ ላ መተላለፊያ ያሻግሯችሁና፣ በሦስተኛው ቀን 4,300 ሜትር አካባቢ ያለው የፓንጎንግ ሐይቅ ዳር ያሳድሯችኋል። በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። 3,000 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ የምትተኙበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም። ጥሩ ወኪል ሌህ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ያሳርፋችኋል። ከዚያ ወደ ኑብራ ሸለቆ ይወስዳችኋል። መንገዱ መተላለፊያውን ቢያቋርጥም መኝታው ከሌህ ዝቅ ይላል። ዲስኪት ገዳምን አይታችሁ፣ ሰውነታችሁ ከለመደ በኋላ ፓንጎንግ ይደርሳል። የፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ከሆቴሉ ኮከብ በላይ ዋጋ አለው። በመኪና ከማናሊ ከተማ የሚመጣው መንገድ ውብ ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታደርበት ሳርቹ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክርም።

ኑብራና ፓንጎንግ ለውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ወኪሉ ያወጣላችኋል። ደልሂ የገዛችሁት የቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ ላዳክ ውስጥ አይሠራም። ከኢትዮጵያ የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ። ህንድ ያለ ካርድ የገባን ሰው እስከ 6 ቀን ለይታ ልታቆይ ትችላለች።

ቡታን ፍጹም ሌላ ነው። አየር ማረፊያው ያለባት ፓሮና ዋና ከተማዋ ቲምፉ ከፍታቸው ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። ታዋቂው የታክትሳንግ ገዳም 3,100 ሜትር ላይ ነው፤ ወጥታችሁ በዚያው ቀን ትወርዳላችሁ። እናት አባቱን ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ሳያመነታ ቡታንን ይምረጥ።

ችግሩ ኪስ ላይ ነው። መንግሥት ከአንድ አዋቂ ጎብኚ በየሌሊቱ 100 ዶላር ይቀበላል፣ ቪዛው ደግሞ 40 ዶላር ነው። ሁለት ሰው ሰባት ሌሊት ቢቆይ 1,480 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ሆቴል፣ መኪናና አስጎብኚ ገና አልተቆጠሩም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ግማሹን ይከፍላሉ። ወኪል ዋጋ ሲነግራችሁ ይህ ክፍያ ውስጡ መኖሩን ጠይቁ፤ ርካሽ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ስላልተካተተ ነው። እኔ ክፍያውን አልቃወመውም። አገሩ ሰው ሳያጨናንቀው የቆየው በዚህ ነው። ምግቡ ደግሞ የኛን ሰው ያስደስታል፤ ቃሪያ እዚያ ማጣፈጫ ሳይሆን ራሱ ወጡ ነው፣ ከአይብ ጋር ይሠራል።

በእግር መጓዝ ለሚወድ ግን እኔ ሙስታንግን እመርጣለሁ። እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ድረስ ለውጭ ሰው ዝግ ነበር። በግንብ የታጠረችው የሎ ማንታንግ ከተማ 3,800 ሜትር ላይ ብትሆንም የሚደረስባት ቀስ በቀስ ነው። ከፖካራ ጆምሶም፣ ከጆምሶም ካግቤኒ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወጡ። ሰውነት የሚፈልገው ይህንን ነው። የጆምሶም በረራ ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሸለቆውን የሚያርሰው ነፋስ አቧራውን ዓይን ውስጥ ይሞጅራል። ስለዚህ የእግር ጉዞውንም በማለዳ ጀምሩ። መንገድ ላይ የሚቀርበው ጻምፓ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ በሶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሻዩ ግን ጨውና ቅቤ አለበት። ጾመኛ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የአካባቢው ፈቃድ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአስር ቀን 500 ዶላር ነበር፤ አሁን በቀን 50 ዶላር ነው፣ አስጎብኚም ግድ ነው። ፓስፖርታችሁንም እዩ። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ካትማንዱ ኤርፖርት ላይ የ30 ቀን ቪዛ በ50 ዶላር ይወስዳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ከኔፓል ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህ ይለቅ።

የየትኛውንም ኢንሹራንስ ውል ስትፈርሙ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሸፍንና የታመመን ሰው በሄሊኮፕተር ማውጣትን እንደሚጨምር አንብቡ። ዕረፍታችሁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ ቡታንን ተዉት፣ ዝናቡ ተራራውን ይሸፍነዋል። ላዳክና ሙስታንግ ከተራራው ጀርባ ስለሆኑ በዚያ ወቅትም ደረቅ ናቸው። በጥቅምት ከሆነ ግን ቡታን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ላዳክ ደግሞ ብርዱ ጠንክሮ የእንግዳ ማረፊያዎች መዝጋት ይጀምራሉ።