ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ በአንድ ቀን፦ ከብሔራዊ ትያትር ተነስተን የሄድነው የትንሽ ቡድን ጉዞ

መጀመሪያ ዋናውን ልናገር፣ ጉዞው ያዋጣል። ለአንድ ሰው 4 ሺህ ብር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው የከፈልነው፣ መኪናው፣ አስጎብኚው፣ ምሳና ውሃ እዛ ውስጥ አለ፣ የየቦታው መግቢያ ግን ለብቻ ነው። ለአንድ ቅዳሜ ብዙ ብር ነው አውቃለሁ፣ ግን ከመሀል አዲስ አበባ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ቤታችሁ እየገባችሁ ሁለት የዓለም ቅርስ፣ ጢያንና መልካ ቁንጡሬን፣ እንዲሁም አንድ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተክርስቲያን፣ አዳዲ ማርያምን፣ የምታዩበት ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም። ትልቁ ቅሬታዬ የቦታዎቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው፣ መልካ ቁንጡሬን መጨረሻ ላይ አድርገው ጎዱት፣ ለምን እንደምለው ስደርስበት በደንብ እጽፋለሁ።

መነሻው ብሔራዊ ትያትር ጋ አንበሳው ሐውልት ፊት ለፊት ነው፣ 12 ሰዓት ተኩል ተብሎ። ለለገሃርም ለሜክሲኮም ለፒያሳም ስለሚቀርብ ቦታው ጥሩ ነው፣ በዛ ሰዓት ራይድም ቶሎ ይገኛል። መኪናው ሃይሩፍ ነበር፣ የጫኑት ግን ስምንት ሰው ብቻ፣ እናቴን ከፊት አስቀመጡልኝ፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ መስኮት አገኘ፣ በዚህ በኩል ምንም አልልም። ያልተመቸኝ አንድ ሰው ስለቀረ ብለው አርባ ደቂቃ ገደማ ማስጠበቃቸው ነው። ሰባት ሰው በሰዓቱ ተገኝቶ አንድ ሰው ሲጠበቅ የሚባክነው የሁሉም ጊዜ ነው፣ እና ያ አርባ ደቂቃ ማታ ላይ የት እንደጎደለ አየነው። አስር ደቂቃ ጠብቀን እንሄዳለን ብለው ሲመዘግቡ ቢናገሩ ማንም አይቀየምም።

በልደታ በጦር ኃይሎች በአየር ጤና ወለቴን አልፈን አለም ገና ላይ ወደ ግራ ታጥፈን የቡታጅራን መንገድ ያዝን። እስከ አለም ገና ድረስ ያለው መጨናነቅ ያው የታወቀ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ሜዳው ይከፈትና ነፍስ ዘራን። ያደነቅኩት ነገር አስጎብኚው ከመነሳታችን በፊት ጢያ ላለ ሰው ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ ጠየቀ፣ ሹፌሩም መንገድ ላይ ከወዲያ የሚመጡ ሹፌሮችን እያስቆመ ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ከከተማ ሲወጣ ይሄ ትርፍ ነገር አይደለም፣ በራሳችሁ መኪና ብትሄዱም ሳትጠይቁ እንዳትወጡ።

አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው፣ ታሪክ የተማረ፣ ግን እንደ መምህር አያሰለችም። እናቴን እማማ እያለ፣ እሷም የኔ ልጅ እያለች በየመሀሉ ታቋርጠዋለች፣ እሱ ደግሞ ቆም ብሎ ይመልስላታል። ብዙ ቦታ የሚያጋጥመኝ አስጎብኚ ለፈረንጅ ያጠናውን በአማርኛ እየመለሰ የሚያወራ ነው፣ ይሄ ልጅ ግን ከኛ ጋር ነው ያወራው፣ እኛ ምን እንደምናውቅና ምን እንደማናውቅ ገብቶታል። ስምንት ሰው መሆናችን የጠቀመውም እዚህ ላይ ነው፣ ሁላችንም ስሙን እየጠራን ጠየቅነው፣ በትልቅ አውቶቡስ አምሳ ሰው ሆኖ ቢሆን ከኋላ የቆመው ሰው ምንም አይሰማም ነበር።

መጀመሪያ በቀጥታ ጢያ ነው የሄድነው፣ 80 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ጊቢው ከመንገድ ብዙም አይርቅም፣ በአጥር የተከለለ ሳር ላይ ድንጋዮቹ ቆመዋል። 36 ትክል ድንጋይ ነው ያለው፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ፣ ሰይፍ፣ ክብ ነገር፣ እንሰት የሚመስል ቅርንጫፍ፣ አንዱ ላይ ደግሞ የሴት ጡት። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሰው ሳያስረዳችሁ ብትገቡ በሩብ ሰዓት ዞራችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ትወጣላችሁ፣ ሌሎች በራሳቸው የመጡ ልጆች እዛው እያለን ገብተው እንደዛ አድርገው ሄዱ፣ በጣም አሳዘኑኝ።

እኛ ግን አንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ሲቆፈር ከድንጋዮቹ ስር መቃብር ነው የተገኘው፣ የሞቱት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፣ ወንድም ሴትም፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ፣ እግራቸው ታጥፎ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ተጠግቶ ነው የተቀበሩት። ጊዜው ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ነው ይላሉ አጥኚዎች። እናቴ ይሄንን ስትሰማ ዝም ብላ ቆመችና ጦርነት ነው ወይስ በሽታ ነው አለችው፣ እሱም አይታወቅም እማማ፣ ሰይፎቹ ሟቹ የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ነው የሚሉ አሉ ግን ይሄም ግምት ነው አላት። ደስ ያለኝ ይሄ ነው፣ የማይታወቀውን እንደሚታወቅ አድርጎ አልሸጠልንም። አካባቢው ላይ የግራኝ ድንጋይ እንደሚሉትም ነገረን፣ ግን ግራኝ አህመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ ድንጋዮቹ እሱ ሳይወለድ በፊት የቆሙ ናቸው። ጢያ ባለበት በጉራጌው ሶዶ አካባቢ ብቻ ወደ 160 የሚጠጋ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ቦታ እስካሁን ተገኝቷል፣ ይሄንን ስሰማ የሆነ ቁጭት ነው የተሰማኝ፣ እኛ በትምህርት ቤት ከአክሱም ሐውልት ሌላ ሐውልት ያለ አይመስለንም እኮ።

ምሳ ክትፎ ነበር፣ በቆጮ፣ አይብና ጎመን ያለው፣ አገሩ የጉራጌ አገር ስለሆነ ክትፎው ምንም አይወጣለትም። ለሚጾም ሰው በየአይነቱ ቀድመው አዘዋል። ብቻ ምግቡ እስኪመጣ ብዙ ቆየን፣ ጠዋት ሲያልፉ ደውለው ቢያዙ ኖሮ ደርሶ ይጠብቀን ነበር። ሽንት ቤቱም ውሃ የለውም፣ ሶፍትና ሳኒታይዘር ያዙ።

ከዛ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ተመልሰን ለአዳዲ ማርያም ከአስፋልቱ ወጣን፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥርጊያ መንገድ ነው፣ ያንገጫግጫል፣ ወገብ የሚያመው ሰው ከፊት ይቀመጥ። ቤተክርስቲያኑ ከላይ ሲታይ ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ነው፣ ዙሪያውን ዓለቱ ተቆፍሮ ነው የወጣው፣ እንደ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ግን ሙሉ ለሙሉ ከዓለቱ አልተለየም፣ አሰራሩም እንደዛኛው የተስተካከለ አይደለም፣ እጅ የነካው መሆኑ ይታያል። ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ በመጣ ጊዜ ያሳነጸው ነው ይባላል። ከላስታ ይሄን ያህል ርቆ በዚህ በደቡብ በኩል እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ከጎናችን ስንኖር አለማወቃችን ይገርማል።

እዚህ አገልግሎት የሚሰጥ ቤተክርስቲያን ነው እንጂ ሙዚየም አይደለም፣ ስለዚህ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወልቃል፣ ፎቶ ከውስጥ ሳትጠይቁ አታንሱ። መምሬ አንዱ ራሳቸው መብራት ይዘው ከፊታችን ሄዱ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ደረጃው ወደ ታች የሚወርድና የሚያዳልጥ ነው፣ እናቴን አስጎብኚው በአንድ እጇ እኔ በሌላኛው ይዘናት ወረደች። በጾም ወቅት ከሆነ ቅዳሴው የሚገባው ከሰዓት ላይ ስለሆነ ለመጎብኘት አይመችም፣ ቀን ስትመርጡ ይሄን አስቡበት። እናቴ እዛ ስትጸልይ ማንም አላጣደፋትም፣ ሌሎቹም ተጓዦች ደጅ ቁጭ ብለው ጠበቋት፣ እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መልካ ቁንጡሬ ስንደርስ 11 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር፣ ዘበኛው ሊዘጋ ነው፣ አስጎብኚው ለምኖ ነው የገባነው፣ ግማሽ ሰዓት እንኳን አልቆየንም። ይሄ ቦታ ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ ጊዜ የሚፈልገው ነው! መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ ገና ትኩሱ ቅርሳችን ነው፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጠዋት በበሩ አልፈነው ሄደናል እኮ።

ምን እንዳለ ልንገራችሁ። አዋሽ ዳር ነው፣ ክብ ክብ ጎጆ ቤቶች ውስጥ ከመሬቱ የወጣው ነገር ተቀምጧል፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ የጉማሬ አጥንት፣ የሰው ዘር ቅሪት። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ዤራር ደከር የሚባል የሆላንድ ሰው፣ የውሃ ባለሙያ ነው፣ እሱ ነው መጀመሪያ ያስተዋለው፣ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ዣን ሻቫዮን የሚባል ፈረንሳዊ ቆፈረው፣ ከዛ ጣልያኖቹ ቀጠሉ። እዚህ የተገኘ የሕፃን መንጋጋ አለ፣ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ዕድሜው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የሆሞ ኢሬክተስ፣ ከኛ በፊት የነበረ የሰው ዘር፣ ነው ተብሎ ታትሟል። ቦታው ከባህር ወለል በላይ ወደ 2 ሺህ ሜትር ነው፣ ማለትም በዛ ጊዜ ሰው ቆላ ብቻ ሳይሆን ደጋም ወጥቶ ይኖር ነበር ማለት ነው። ባልጪት ደግሞ ጥቁር መስታወት የመሰለው ድንጋይ የሚገኝበት ነው፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎቹ ያንን ድንጋይ እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩበት የነበረ ቦታ በዚሁ አካባቢ ተገኝቷል፣ ከአምስት መቶ በላይ መሣሪያ በአንድ ቦታ። እና የጉራጌ ቆዳ ሠሪዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቆዳ የሚፍቁት በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነበር፣ አስጎብኚው ይሄን ሲነግረን ሁላችንም ዝም አልን።

የእህቴ ልጅ ግን የያዘው የእግር አሻራውን ነው። ጎምቦሬ የሚባለው ቁፋሮ ላይ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የእግር አሻራ ተገኝቷል፣ ከአዋቂዎቹ ጋር የትንንሽ ልጆች አሻራ አለበት፣ ትልልቆቹ አጠገብ እየሠሩ ልጆቹ ጭቃ ላይ ሲመላለሱ ማለት ነው። ስንት ዓመቱ ነበር ልጁ፣ እናቱስ የት ነበረች፣ ምን በልተው ነበር እያለ ጠየቀ፣ አስጎብኚው አንዱን መልሶ ሁለተኛውን ሲጀምር ዘበኛው በቃ ውጡ አለ። ልጁ ሲወጣ ፊቱን ብታዩት። ያ የጠዋቱ አርባ ደቂቃና የምሳው ጥበቃ እዚህ ቢሆኑልን ኖሮ እላለሁ።

ደግሞ አስቡት፣ ይሄ አዋሽ ከጊንጪ በኩል ከደጋው ተነስቶ ባህር ሳይደርስ አፋር ሐይቆች ውስጥ የሚቀረው ራሱ አዋሽ ነው፣ ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችው ከዚሁ ወንዝ በታችኛው በኩል ሐዳር ላይ ነው። ላይኛው አዋሽ ላይ ቆማችሁ ይሄንን እየሰማችሁ ወንዙን ማየት ምን ማለት እንደሆነ በግማሽ ሰዓት አይያዝም። ለኔ መልካ ቁንጡሬ ብቻውን ሁለት ሰዓት ይገባዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ጠዋት ቅርብ ያለውን መልካ ቁንጡሬን በቀዝቃዛው አየር፣ ልጆች ሳይደክማቸው፣ ከዛ ጢያ ሄዶ ምሳ፣ ሲመለሱ አዳዲ። ጢያ ሜዳ ላይ ስለሆነ ፀሐይ አለው፣ ኮፍያ ከያዛችሁ ግን ችግር የለውም። አዘጋጆቹ ለምን ሩቁን እንደሚያስቀድሙ ስጠይቅ ሩቁን ከጨረስን ማታ ቅርብ እንሆናለን ነው ያሉት፣ ለሹፌሩ ትክክል ነው፣ ለተጓዡ ግን አይደለም። ማታ ላይ የሚጣደፈው ሁልጊዜ የመጨረሻው ቦታ ነው፣ እና የመጨረሻው ቦታ ሙዚየም ከሆነ ይዘጋል።

ለማን ይሆናል ካላችሁኝ፣ ለቤተሰብ በጣም፣ ከስድስት ሰባት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅም ጥሩ ነው። ለትልልቅ ሰዎች አዳዲ ላይ ደረጃው ስላለ አብሮ የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል፣ ጉልበት የሚያማቸው ከላይ ሆነው ማየትም ይችላሉ። ለመግቢያና ለአካባቢው አስጎብኚ የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ፣ ቴሌብር ሁሉም ጋ አይሠራም። ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ነው ከተማ የገባነው፣ መብራት ኃይልና ሲኤምሲ ያሉትን ሰዎች ሳይቀር እስከ ታክሲ መያዣቸው አድርሰዋቸዋል።

ስንለያይ ይሄንን የቅደም ተከተል ነገር ለአዘጋጁ በግልጽ ነገርኩት፣ አልተቀየመም፣ ቡድኑ ሲመዘገብ ከተስማማ መልካ ቁንጡሬን ማስቀደም እንችላለን አለኝ። ስትደውሉ መጀመሪያ ይሄንን ጠይቁ፣ የሚያስቀድሙላችሁ ከሆነ ብቻ ክፈሉ።