እቅፍ ወይስ የሕፃን ወንበር?

ከፒያሳ ወደ ለገሃር፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በመኪና ስንወርድ ብዙዎቻችን ሕፃኑን ታቅፈን ነው። እቅፍ ይሞቃል፣ ልጁም አያለቅስም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በክንድ የሚያዝ አይደለም፤ ከእጅ አምልጦ ወደ ፊት ይወረወራል። የትኛዋም እናት፣ የትኛውም ጎበዝ አይችለውም። ልጁን ደርቦ በራስ ቀበቶ መታሰር ደግሞ ይብሳል፤ በአዋቂው ክብደትና በቀበቶው መካከል ይጨፈለቃል።

ወንበሩ ውድ ነው፣ አልክድም። ቢሆንም እኔ ወንበሩን እመርጣለሁ። ጨቅላ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ይቀመጥ፤ ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱ ለጋ ስለሆነ የግጭቱን ኃይል የወንበሩ መደገፊያ ይቀበልለታል። ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ የሚወጣ ከረጢት) ባለው የፊት ወንበር ላይ ግን በፍጹም!

በክረምት ጋቢ ተጠቅልሎ አይታሰር። ማሰሪያውን በስስ ልብስ ላይ አጥብቁት፤ ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ስትቆነጥጡት እጥፋት ካልያዛችሁ በቂ ነው። ጋቢው ከላይ ይደረብ። ደግሞ ወንበሩን ከመግዛታችሁ በፊት በመኪናው ወንበር ልብስ ስር የተቀበረውን የኋላ ቀበቶ ፈልጋችሁ አውጡ፤ ብዙዎቹ የሕፃን ወንበሮች የሚታሰሩት በእሱ ነው።