የኤልጂቢቲ ተመራቂዎች ማህበራችን፦ ኮክቴሉን ተዉትና ፈንዱን እዩ

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በሜምበሮች ዝርዝር ጉዳይ ነው፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። የሰጠኋቸው አራቱ ደሞ በአብዛኛው ለአንድ ነገር ነው፣ ለአስቸኳይ ፈንዱ፣ ማለት ለተቸገረ ተማሪ ቶሎ ለሚሰጠው ገንዘብ። የቀረው፣ ኮክቴሉ፣ ባጁ፣ ሆምካሚንግ (ተመራቂዎች ወደ ካምፓስ የሚመለሱበት በዓል) ላይ የሚነሱት ግሩፕ ፎቶ ምናምን፣ ለኔ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። (የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትምታቱ።)

ለማያውቀው፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከዋናው የተመራቂዎች ማህበር ጎን ወይ በሱ ስር የጌይ፣ የሌዝቢያን፣ የባይሴክሹዋልና የትራንስ (ባጭሩ ኤልጂቢቲ) ተመራቂዎች ማህበር አላቸው። ሰው ሲሰማው የድሮ ጓደኛ መገናኛ ክለብ ይመስለዋል፣ ግማሹ እንደዛ ነው አልዋሽም። ደህናው ማህበር ግን የሚሰራው አሁን ካምፓስ ላይ ላሉት ልጆች ነው፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ ሜንተር (ልምድ ያለው መካሪ) ይመድባል፣ የምረቃ ዝግጅት ይደግፋል፣ ዩኒቨርሲቲው ሲያንገራግር ደሞ ደብዳቤ እየጻፈ ይጨቀጭቃል። የኛን ማህበር ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ልወቅሳቸው ስለሆነ፣ የሌሎቹን ግን በአደባባይ የሚታወቀውን እያነሳሁ አወዳድራለሁ።

እሺ ፈንዱ። እዚህ አገር የመንግስት የትምህርት እርዳታ የሚፈልግ ተማሪ ፋፍሳ የሚባል ፎርም ይሞላል፣ እና ዕድሜው 24 ካልሞላ፣ ካላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ ከሌለው፣ ወታደር ካልነበረ ምናምን በፎርሙ ዓይን ጥገኛ ነው፣ ማለት የወላጆቹ ገቢ ይቆጠራል፣ መረጃውም ከነሱ መምጣት አለበት። አሁን አስቡት፣ ልጁ ጌይ መሆኑ ታውቆ ከቤት ተባሯል፣ አባቱ ስልክ አያነሳለትም፣ ፎርሙ ደሞ የአባትህ ገቢ ስንት ነው ብሎ ይጠይቀዋል። መውጫ የለውም አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲው የእርዳታ ቢሮ ጉዳዩን አይቶ ይሄ ልጅ ጥገኛ አይደለም ብሎ መወሰን ይችላል፣ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፣ ከአማካሪ፣ ከሶሻል ወርከር ወይ ነገሩን ከሚያውቅ ሰው ደብዳቤ፣ እና ወላጅ አልከፍልም ስላለ ብቻ አይሆንም፣ ግንኙነቱ መበጠሱን ወይ ቤቱ አደገኛ መሆኑን ማሳየት አለበት። እስቲ የ19 ዓመት ልጅ በፈተና ሰሞን ይሄን ሁሉ ወረቀት ሲያሳድድ ይታያችሁ። የዶርም ክፍያው እንደሆነ ማስረጃ እስኪሟላ አይጠብቅም።

ማህበራችን የሚገባው እዚች ክፍተት ላይ ነው። ማመልከቻው አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ስም፣ ምን ያህል፣ ለምን፣ እና ከሁሉም በላይ የወደድኩት አንድ ጥያቄ አለበት፣ በየት በኩል ብናገኝህ ችግር አይፈጥርብህም ይላል። ከስሩ ምርጫዎች አሉ፣ ኢሜይል፣ ቴክስት፣ በጓደኛ በኩል፣ የመጨረሻዋ ደሞ "አትደውሉ፣ እኔ እደውላለሁ" ትላለች። ይቺን የጻፈ ሰው ነገሩ ራሱ ላይ ደርሶበታል ብዬ ነው የማምነው፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚመጣ ሀሳብ አይደለም። ጌይ መሆንህን አስረዳ የሚል ኢንተርቪውም የለም (ይሄን የሚጠይቅ ቦታ አለ እንዴ እንዳትሉ፣ አለ)። ገንዘቡ በቼክ እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ኪራይ ከሆነ ለአከራዩ፣ ምግብ ከሆነ የምግብ ካርዱ ላይ ይሞላሉ።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችንም ይሸፍናል። ለምሳሌ ኢንሹራንስ። ልጅ በወላጆቹ የጤና ኢንሹራንስ እስከ 26 ዓመቱ መቆየት ይችላል፣ አሪፍ ህግ ነው፣ ግን ምን ታከመ የሚለው ዝርዝር ወረቀት በአብዛኛው የሚላከው የኢንሹራንሱ ባለቤት ቤት ነው፣ ማለት እናትና አባት ጋ። ስለዚህ ኤችአይቪ የተመረመረ ወይ የሆርሞን ህክምና የጀመረ ልጅ እሱ ሳይናገር ፖስታው ይናገርለታል። አንዱ መፍትሄ ኢንሹራንሱን ሳይነኩ ከኪስ መክፈል ነው፣ ተማሪ ደሞ ኪሱ ምን አለ? ፈንዱ ይሄን ምንም ሳያካብድ ይከፍላል። ሌላው የዲሴምበር ዕረፍት ነው፣ ዶርም የሚዘጋበት ካምፓስ ብዙ ነው፣ ቤት ሂዱ ይባላል፣ ቤት የሌለው የት ይሂድ? የኛዎቹ ትርፍ ክፍል ያላቸው ተመራቂዎችን መዝግበው ልጆችን ያስጠጋሉ። እንግዳ የሚቀበለው ሰው አስቀድሞ ይጣራል፣ ይሄንንም ወድጄዋለሁ፣ ደግነት ብቻውን በቂ አይደለምና።

ቅር የሚለኝ ቦርዱ የተሰበሰበውን በሙሉ ኢንዳውመንት እናድርገው የሚል ዜማ መጀመሩ ነው። ኢንዳውመንት ማለት ዋናው ገንዘብ አይነካም፣ በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው የሚወጣው። 50 ሺህ ዶላር ብታስቀምጡ በ4.5 በመቶ ሂሳብ በዓመት 2,250 ዶላር ማለት ነው። ቋሚ ነው፣ ስም ይጻፍበታል፣ ለሰጪው ያምራል፣ ከዶርም ለተባረረ ልጅ ግን እዛ ተቆልፎ የተቀመጠው 50 ሺህ ምኑም አይደለም። ኢንዳውመንት የሚሆንለት ስራ የለም እያልኩ አይደለም፣ የፕሮፌሰር ወንበር (ቋሚ የማስተማሪያ ቦታ) ማቋቋም ለምሳሌ። የሀርቫርድ ጌይና ሌዝቢያን ተመራቂዎች በ2009 1.5 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው በኤፍ ኦ ማቲሰን ስም የጾታ ጥናት ተጋባዥ ፕሮፌሰር የሚመጣበት ወንበር አቋቁመዋል፣ ማቲሰን እዛው ሀርቫርድ ሲያስተምር የኖረ የአሜሪካ ስነጽሁፍ ምሁር ነው፣ ጌይ ነበር፣ በ1950 ራሱን አጥፍቷል። እንደዛ ያለ ነገር በየዓመቱ በሚሰበሰብ መዋጮ አይሆንም። የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ግን እጅ ላይ መኖር አለበት፣ በቃ።

ሜንተርሺፑ ጥሩና መጥፎ ጎን አለው። የደረሰኝ ሜንተር ጡረታ የወጣ ኢንጂነር ነበር፣ መጀመሪያ ምን ያግባባናል ብዬ ነበር። ሲቪዬን ስክሪን ላይ ከፍቶ መስመር በመስመር እያነበበ "እዚህ ጋ ሁለት ዓመት ምን ስትሰሪ ነበር?" አለኝ። የኤልጂቢቲ ተማሪዎች ክለብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፣ ሆን ብዬ ነው የተውኩት አልኩት። አልተቆጣም፣ ኩሪበት ምናምን ብሎ አልሰበከኝም። "በጀቱ ስንት ነበር? ኦዲት ተደርጎ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀኝና "የክለቡን ስም ካልፈለግሽ የተማሪዎች ማህበር በይው፣ ስራውን ግን አትሰርዢው፣ ሂሳብ የያዝሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ሲቪ አዘጋጀን፣ የትኛው ለማን እንደሚላክ የምወስነው እኔ ነኝ። በህግ ደረጃ ከ2020 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቦስቶክ ውሳኔ ወዲህ ቀጣሪ ሰውን ጌይ ወይ ትራንስ ነው ብሎ ማግለል አይችልም፣ ግን ለኢንተርቪው ያልጠራህ ሰው ለምን እንዳልጠራህ ደውሎ አይነግርህም እኮ፣ ሰውዬው ይሄ ገብቶታል።

መጥፎው ጎን ሜንተሮቹ በሙሉ ጠበቃ፣ ባንከርና ኮንሰልታንት ናቸው ማለት ይቻላል። ነርስ፣ አስተማሪ፣ ፋርማሲስት ፈልጉ እስቲ። ትራንስ ሜንተር ደሞ ጭራሽ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ትራንስ የሆነ ተማሪ ሜንተር ሲጠይቅ ደግ የሆነ ጌይ ጠበቃ ይመደብለታል፣ ሰውዬው ስም በፍርድ ቤት ማስቀየርን ይረዳው ይሆናል፣ አዲስ መስሪያ ቤት ገብቶ ትራንስ ነኝ ማለትን ግን ምኑን ያውቀዋል።

የምረቃው ዝግጅት፣ ላቬንደር ግራጁዌሽን የሚሉት የኤልጂቢቲ ተመራቂዎች የሚከበሩበት፣ እኔ በግሌ ዝግጅት የምወድ ሰው አይደለሁም ግን ይሄን ወድጄዋለሁ። የተጀመረው በ1995 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሮኒ ሳንሎ የምትባል ሴት ናት ያመጣችው፣ ሌዝቢያን በመሆኗ የገዛ ልጆቿ ምረቃ ላይ እንዳትገኝ ተከልክላ ነበር፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የተመረቁት 3 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ከዛ ወዲህ ወደ ብዙ ካምፓሶች ተስፋፍቷል። የኛው ማህበር አንገት ላይ የሚደረገውን ባለ ቀለም ገመድና ምግቡን ይችላል። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ካርዷ ናት። ስትገቡ ትንሽ ካርድ ይሰጣችኋል፣ ስማችሁን እንደሚነበበው አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ፣ መድረክ ላይ የምትጠራው ሴትዮ ቀደም ብላ እየዞረች እያንዳንዱን ትለማመዳለች። ትራንስ ልጆች መዝገብ ላይ ያለው ሳይሆን የራሳቸው ስም ይጠራል። የኔም ስም ከነ"ጸ"ው ተጠራ፣ በዋናው ምረቃ ላይ እንደሆነ ዲኑ ምን እንዳለ እስካሁን አልገባኝም፣ ተራዬ መሆኑን ያወቅኩት ከኋላዬ ያለችው ልጅ ስትገፋኝ ነው።

እና አሁን የዝርዝሩ ጉዳይ። ሜምበር ስትሆኑ ኦንላይን ፎርም ትሞላላችሁ፣ ከታች በኩል በደቃቅ ጽሁፍ "በተመራቂዎች ማውጫ ላይ ይውጣ" የምትል ሳጥን አለች፣ እና ቀድሞውኑ ምልክት ተደርጎባታል። ያልነካት ሰው ሙሉ ስሙ፣ የተመረቀበት ዓመትና የሚኖርበት ከተማ ከነማህበሩ ስም ለማንኛውም አካውንት ላለው ተመራቂ ይታያል። ማንኛውም ነው ያልኩት! የአጎታችሁ ልጅ እዛው ተምሮ ከሆነ እሱም ያያል። ጻፍኩላቸው፣ የኔን በሰዓታት ውስጥ አነሱት፣ በትህትና ይቅርታም ጠየቁ፣ ሳጥኗ ግን እስካሁን እንዳለች ናት፣ አዲስ የሚገባው ሁሉ ላይ። ሲስተሙ የዋናው ማህበር ነው ይላሉ። እሺ፣ ግን ፎርሙ የናንተ ነው። በ1966 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላይ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሆነውን የጌይ ተማሪዎች ክለብ ለማስመዝገብ ሲሞክሩ ያንቀው የነበረው ይሄው ነበር፣ ዩኒቨርሲቲው የአባላት ስም ዝርዝር ይምጣ አለ፣ ልጆቹ ስማቸውን መስጠት ፈሩ፣ በመጨረሻ ካምፓሱ ላይ የታወቁ ሌሎች ተማሪዎች ለወጉ ስማቸውን አስገብተውላቸው ነው ኤፕሪል 1967 ላይ እውቅና ያገኙት። የዝርዝርን ነገር ከኛ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?

ሌላው ልትጠይቁ የሚገባው ነገር፣ ማህበሩ የዩኒቨርሲቲው ክፍል ነው ወይስ ራሱን የቻለ ድርጅት? በደህና ጊዜ ልዩነቱ አይታይም። ግን ቴክሳስን ተመልከቱ፣ ኤስቢ 17 የሚባለው ህግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች የዳይቨርሲቲ ቢሮዎችን (ልዩ ልዩ ማህበረሰቦችን ማካተት ላይ የሚሰሩትን) ከለከለ፣ የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ገና ህጉ ስራ ላይ ሳይውል በ2023 የኤልጂቢቲ ማዕከሉን ዘጋ። ህጉ የተመዘገቡ የተማሪ ክለቦችን ግን አልነካም። ስለዚህ ቢሮው ቢዘጋም ክለቡ ይቀጥላል፣ ክለቡ የሚቀጥለው ደሞ ከውጭ ገንዘብ ሲያገኝ ነው፣ ያን ገንዘብ ዩኒቨርሲቲው ሳይፈርምበት ማውጣት የሚችል ማህበር ወርቅ ነው። የኛው ግማሽ ግማሽ ነው፣ ስኮላርሺፑ በዩኒቨርሲቲው አካውንት፣ አስቸኳይ ፈንዱ በራሱ። እንደዛ መሆኑ ይሻላል ባይ ነኝ።

ተማሪ ከሆናችሁ መዋጮ የለባችሁም፣ ተመዝገቡ፣ ሳጥኗን አጥፉ፣ ኢሜይላችሁን የዩኒቨርሲቲውን ሳይሆን የግላችሁን ስጡ። ተመራቂ ከሆናችሁ ኮክቴሉ ላይ ከመሄድ ቲኬት የምትገዙበትን ለፈንዱ ስጡት፣ ስትሰጡም ለኢንዳውመንት ሳይሆን ለአስቸኳይ ፈንድ ብላችሁ ማስታወሻው ላይ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ ቦርዱ የፈለገበት ያውለዋል። ትልቅ ካምፓኒ የምትሰሩ ደሞ ኤችአራችሁን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ሰራተኛው የሰጠውን ያህል ከራሳቸው ይጨምራሉ፣ ደረሰኙን ማስገባት ብቻ ነው፣ ግን የዓመቱ ማብቂያ ካለፈ የማይቀበሉ አሉና ዲሴምበርን አትጠብቁ።