ባዮኒክል ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የማንን ታሪክ እንደምታምኑ ወስኑ

ያገለገለ ባዮኒክል፣ ማለትም የሌጎ ኩባንያን ተገጣጣሚ የጀግና አሻንጉሊት፣ ለመግዛት ስታስቡ ከዋጋውም ከቀለሙም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ከታሪኩ የቱን ነው "ዋናው" ብላችሁ የምትቀበሉት? አድናቂዎች በዚህ ጉዳይ ከ20 ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ዛሬም አልተስማሙም። ክርክሩ ደግሞ ኪስ ይነካል። አንዱ "ያለዚህ ባዮኒክል የለም" የሚለውን ዘመን ሌላው በነጻ ቢሰጡት አይወስደውም። ስለዚህ ዘመኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማን የትኛው እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ሌጎ ባዮኒክልን በ2001 ጀመረ፣ በ2010 አቆመ፣ በ2015 እንደ አዲስ አስነሳው፣ በ2016 ደግሞ ዘጋው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ማታ ኑይ የምትባል ደሴት አለች። ስድስት ጀግኖች በጣሳ ውስጥ ሆነው ባህር ዳርቻዋ ላይ ይደርሳሉ፣ ቶዋ ይባላሉ። ታሁ እሳት፣ ጋሊ ውሃ፣ ኦኑዋ አፈር፣ ፖሃቱ ድንጋይ፣ ሌዋ አየር፣ ኮፓካ በረዶ። ኃይላቸው ያለው ጭምብላቸው ላይ ነው። ጠላታቸው ማኩታ ነው።

ችግሩ ታሪኩ አንድ ቦታ ላይ አለመነገሩ ነው። ትንሹ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ላይ፣ ትንሹ መጽሐፍ ላይ፣ ትንሹ ፊልም ላይ፣ ትንሹ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። ሌጎ ውስጥ ይሠራ የነበረው ግሬግ ፋርሽቲ ኮሚኮቹንና አብዛኞቹን መጻሕፍት ጽፏል። ከዚያ አልፎ አድናቂዎች በጽሑፍ ለሚልኩለት ጥያቄ ለዓመታት መልስ ሲሰጥ ኖሯል። አሁን ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ ደራሲው ለአንድ ልጅ በሁለት መስመር የመለሰው ነገር ከፊልሙ እኩል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይቆጠራል የምትሉ ከሆነ አንድ ዓይነት ገዢ ናችሁ፤ አይቆጠርም የምትሉ ከሆነ ሌላ።

ከ2001 እስከ 2003፦ ደሴቲቱ

የኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ አልደብቅም።

ስድስቱን የመጀመሪያ ቶዋዎች በእጃችሁ ስትይዙ ታሪኩ አሻንጉሊቱ ውስጥ እንዳለ ይገባችኋል። ታሁን ውሰዱ። ቀይ ነው፣ የነበልባል ቅርጽ ያለው ሰይፍ ይዟል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ትንሽ ማርሽ አለች። ማርሿን በአውራ ጣታችሁ ስታዞሯት ሰይፉ ይወዛወዛል። ፖሃቱ ላይ የሚወዛወዘው እግሩ ነው፤ ድንጋይ የሚለጋ ጀግና ነዋ። ጭምብሉ ከፊቱ ይነሳል፣ የሌላውን ታደርጉለታላችሁ። ታሪኩ ውስጥም ቶዋዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ደሴቲቱን እየዞሩ ጭምብል መሰብሰብ። ራሂ የሚባሉት ትልልቅ አውሬዎች በማኩታ የተበከለ ጭምብል ስላጠለቁ ነው የሚያጠቁት፤ ጭምብሉ ሲወልቅ ይለቃቸዋል። ልጁ ወለል ላይ የሚጫወተው ጨዋታና ደራሲዎቹ የጻፉት ታሪክ እንዲህ አንድ የሆኑበት ሌላ ዘመን ባዮኒክል ውስጥ አላየሁም።

አሻንጉሊቶቹ የተሸጡበት ጣሳ እንኳ ታሪክ ነው። ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ክርስቲያን ፋበር የአንጎል ዕጢ ነበረበትና መድኃኒት ይወስድ ነበር። የታመመ ትልቅ አካል ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን ፈዋሾች የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቶዋዎች ስትገዙ ሻጩን "ጣሳው አለ?" ብላችሁ ጠይቁት። ካለ ትንሽ ጨምሩለት፤ ያዋጣል። ከውጭ ሀገር ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ግን ጣሳ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይፈጃል፣ ያኔ አሻንጉሊቱን ጣሳው ውስጥ ከትቶ ማምጣት ነው።

የዚህ ዘመን ክርክር ሁለት ነው። አንደኛው ስም ነው። በ2001 አንዳንዶቹ ስሞች የማኦሪዎች ቃላት ስለነበሩ ከኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ፣ ከማኦሪዎች፣ ተቃውሞ መጣ፣ ሌጎም ስሞችን ቀየረ። የመንደሩ ነዋሪዎች ቶሁንጋ መባላቸው ቀርቶ ማቶራን ሆኑ፣ ጃላ ጃለር ሆነ፣ ሁኪ ሄውኪ ሆነ። ታሪኩም ይህን ተቀበለና ነዋሪዎቹ በክብር አዲስ ስም የወጣላቸው ተደርጎ ተጻፈ። በኔ በኩል ተቃውሞው ተገቢ ነበር፤ ለውጡም ታሪኩ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ገብቷል። ለገዢ ያለው ጥቅም ግን ሌላ ነው። በ2001 ማክዶናልድስ ከልጆች ምግብ ጋር የሰጣቸው ትንንሾቹ አሻንጉሊቶች በድሮው ስም ነው የሚሸጡት፤ በአዲሱ ስም ብቻ ከፈለጋችሁ አታገኟቸውም። ርካሽ ናቸው፣ ቆንጆ ናቸው፣ መነሻ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ክርክር ፍቅር ነው። በ2001 ማታ ኑይ ላይ ታኩዋ የሚባል መንደርተኛ ሆናችሁ የምትዞሩበት የኢንተርኔት ጨዋታ ወጥቶ ነበር። እዚያ ሄውኪና ማኩ የምትባለው ልጅ እንደሚዋደዱ በግልጽ ያስታውቃል። በኋላ ፋርሽቲ ተጠየቀና በዚያ ዓለም የፍቅር ግንኙነት የሚባል ነገር የለም አለ። በቃ፣ ጦርነት! ጨዋታውን የተጫወተ ሰው ዓይኑ ያየውን እንዴት ይካድ? እኔ ከጨዋታው ጎን ነኝ። ጨዋታው ያኔ ለሁሉም የተሰጠ ሥራ ነው፤ መልሱ ለጠያቂ የተሰጠ መልስ ነው። ከደራሲው ጎን የሚቆሙትም ምክንያት አላቸው። ታሪኩ በብዙ እጅ ስለተሠራ አንድ ሰው ካልወሰነ መቼም አይያያዝም ይላሉ፤ ይሄ ቀላል ነጥብ አይደለም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። የ2001 ቶዋዎች ጉልበታቸውም ክርናቸውም አይታጠፍም። ልጃችሁ ዘመናዊ አሻንጉሊት የለመደ ከሆነ "ይሄ ቀጥ ብሎ ቀረ እኮ" ይላችኋል። የኮፓካ ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ ፀሐይ ላይ ከቆየ ቢጫ ይሆናል፤ ፎቶውን በተፈጥሮ ብርሃን እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ።

2004 እና 2005፦ ከተማዋ

እዚህ ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል። በደሴቲቱ ላይ ሽማግሌ ሆነው ያየናቸው ስድስቱ ቱራጋዎች ድሮ ራሳቸው ቶዋ ነበሩ፤ ሜትሩ ኑይ በምትባል ከተማም ይኖሩ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ደብቀውን ነው። አንዳንዱ "ቀድሞ ያልታሰበ፣ በኋላ የተለጠፈ" ብሎ ይንቀዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነው ቫካማ በደሴቲቱ ላይ ለምን እንደዚያ ቁጥብ እንደሆነ ያስረዳል።

ለግዢ መካከለኛው መንገድ ይሄ ነው። የ2004 ቶዋዎች ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ ማርሹም አልቀረም። በኔ ግምት ለአንድ ልጅ አንድ የድሮ ባዮኒክል ብቻ የሚገዛ ሰው ከዚህ ዓመት ቢገዛ አይቆጭም። የ2005ቶቹ ቶዋዎች ጎበጥ ያሉ ግማሽ አውሬዎች ናቸው፤ ካልወደዳችኋቸው እለፏቸው።

ከ2006 እስከ 2008፦ ክርክሩ የሚጋልበት

ታሪኩን የሚያነብ ሰው የሚወደው ዘመን ይሄ ነው። ጨለማ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሰው ይሞትበታል። በ2007 ማቶሮ የሕይወትን ጭምብል አጥልቆ፣ ደሴቲቱ በስሙ የተጠራችለትን ታላቁን መንፈስ ማታ ኑይን ለማዳን ራሱን ይሰጣል። ይህ ማቶሮ ያ በ2001 ከልጆች ምግብ ጋር የተሰጠው ትንሽ ነጭ መንደርተኛ ነው። የ2001ዱን ትንሹን፣ የ2006ቱን ቶዋ ኢኒካና የ2007ቱን ቶዋ ማሪ ገዝታችሁ አንድ መደርደሪያ ላይ ብታቆሟቸው የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት ይሆናሉ። ሦስት አሻንጉሊት ብቻ ግዙ ብትሉኝ እነዚህን ነው የማዛችሁ።

በ2008 ደግሞ ትልቁ ምስጢር ይወጣል። ታላቁ መንፈስ ማታ ኑይ ግዙፍ ሮቦት ነው፤ ደሴቲቱ ያለችው ፊቱ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር የሆነው በሆዱ ውስጥና በላዩ ላይ ነው። ግማሹ አድናቂ "የመጀመሪያውን ምትሃት ገደለው" ይላል። ግማሹ ደግሞ ስለ ታመመው አካልና ስለ ጥቃቅኖቹ ፈዋሾች ያለውን አስታውሶ፣ ከመጀመሪያው የታሰበ ነበር ብሎ ይሟገታል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ።

ማኩታ ላይ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጋር እቆማለሁ። በ2001 ማኩታ አንድ ነበር፣ የታላቁ መንፈስ ወንድም፣ ጥላ። በኋላ ማኩታ የአንድ ዘር ስም ሆነ፣ ማኅበርም አላቸው ተባለ፣ የኛው ደግሞ ቴሪዳክስ የሚል የራሱ ስም ወጣለት። ታሪኩ በዚህ ሰፍቷል፣ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ግን ቀንሷል። ይህን ለውጥ መዋጥ ያቃተው ሰው የ2008ቱን ማኩታዎች ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ባየ ቁጥር ይናደዳል፤ ስለዚህ አትግዙ። የወደዳችሁት ግን ለምርጫ ትቸገራላችሁ፣ ክንፍ ያላቸው አስፈሪ ነገሮች ናቸው።

አሁን ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቁበት ነገር። የዚህ ዘመን አሻንጉሊት ኳሱን የሚይዘው ጎድጓዳ መገጣጠሚያ ይሰነጠቃል። በተለይ ሎሚማ አረንጓዴው! አንዳንዱ ገና ከሳጥኑ አውጥታችሁ ስትገጣጥሙት ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ክንዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ "ያልተከፈተ ነው" የሚል ማስታወቂያ እዚህ ብዙም ዋስትና አይሆንም። ተገጣጥሞ የቆመውን፣ መገጣጠሚያዎቹ በቅርብ የተነሱበትን ፎቶ ጠይቁ። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። መለዋወጫውን ብሪክሊንክ በሚባለው የሌጎ ቁርጥራጭ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በነጠላ ማግኘት ይቻላል፤ ተመሳሳይ ቀለም ካላገኛችሁ ጥቁር ወይም ግራጫ አድርጉበት። ይህን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

መጻሕፍትን ሳታነቡ ይህን ዘመን አትግዙ። አሻንጉሊቱ ብቻውን ታሪኩን አይነግራችሁም።

2009 እና 2010፦ በረሃው

ማታ ኑይ ከአካሉ ተባሮ ባራ ማግና የምትባል በረሃ ላይ ይወድቃል፣ ግላቶሪያን ከሚባሉ ተዋጊዎች ጋር አዲስ ታሪክ ይጀምራል። አንድ ፊልም አለው። አሻንጉሊቶቹ መጥፎ አይደሉም፣ ግን ታሪኩ ገና ሳይደራጅ ተዘጋ። ፋርሽቲ በድረ ገጽ የቀጠላቸው ጽሑፎችም በ2011 እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ያላለቀ ነገር የሚያናድዳችሁ ከሆነ አትጀምሩት። የኋላ ኋላ ደግሞ አድናቂዎች በውድድር ሠርተው ያቀረቡትን መልክ ፋርሽቲ የተቀበለላቸው ገጸ ባህርያት አሉ፤ ሄልሪክስና አርታካ እንዲህ ነው መልክ ያገኙት። "ሌጎ ያልሸጠው አሻንጉሊት እንዴት ዋናው ታሪክ ይሆናል?" የሚለው ጥል ገና ትኩስ ነው። ለገዢ የሚነግረው ነገር ግን ግልጽ ነው፤ እነዚህን የሚሸጥ ሳጥን የለም፣ በቁርጥራጭ ራሳችሁ ትሠራላችሁ።

2015 እና 2016፦ እንደ አዲስ

ከድሮው ጋር አይገናኝም። ደሴቲቱ ኦኮቶ ትባላለች፤ ኤኪሙና ማኩታ ጭምብል የሚሠሩ ወንድማማቾች ናቸው፣ አንዱ በቅናት ይበላሻል። ታሪኩ አንድ እሁድ ከሰዓት ላይ ያልቃል፣ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው ተከታታይም አጭር ነው። ብዙ የድሮ አድናቂ "ቀጭን ነው" ይላል፤ እውነት ነው፣ ቀጭን ነው። ግን ማኩታን መልሶ አንድ ወንድም አድርጎታል፣ ለዚህ ብቻ አመሰግነዋለሁ።

ለትንሽ ልጅ ስጦታ ከሆነ ሌላ ቦታ አትሂዱ። አጥንቱና መገጣጠሚያው ጠንካራ ነው፣ ሁሉም ነገር ይታጠፋል፣ ማርሹም ተመልሷል፣ ጭምብሉ ሲመታ ይወልቃል። ጭምብሎቹ ግን በድሮዎቹ ራስ ላይ በቀጥታ አይገጥሙም፤ ሁለቱን ዘመን ለመቀላቀል ያሰበ ይወቀው። ደግሞም ኮፒ በዝቷል። ቁርጥራጮቹ ላይ የተቀረጸውን የሌጎ ስም በፎቶ አስነሱ፤ ሻጩ ሰበብ ካበዛ ተዉት።

በ2023 ሌጎ ለገዢዎች በስጦታ የሰጠው የታሁና የታኩዋ ትንሽ ስብስብም አለ። በተራ ጡብ የተሠራ ነው፣ እንደ ድሮው አይጫወቱበትም። ለመደርደሪያ ቆንጆ ነው፤ ከመጀመሪያው ታሁ በፊት ግን አትግዙት።

እንግዲህ ጨዋታውና ጭምብሉ ይበልጥብኛል የምትሉ የ2001ዱን ታሁ ወይም ፖሃቱን በአንድ ጀምሩ፤ ስድስቱንም በአንዴ አትግዙ፣ በተናጠል ስትገዙ ሁኔታቸውን በደንብ ታያላችሁ። የፋርሽቲ ቃል ሕግ ነው የምትሉ መጻሕፍቱን አስቀድሙና ከዚያ ማቶሮን ፈልጉ። ልጅ ያላችሁ የ2015ቱን ኮፓካ ወይም ታሁ ግዙና ከልጁ ጋር ገጣጥሙ። "ድብልቅ በኪሎ" ተብሎ የሚሸጠውን ጆንያ ግን ጭምብሎቹን ለብቻ አውጥተው ፎቶ ካላነሱላችሁ አትንኩት፤ ጭምብሉ ተለቅሞ ያለቀ ጆንያ የክንድና የእግር ክምር ነው።