ለቤታ ዓሣ አብሮ አደር፦ ጋፒ ወይስ ኮሪዶራስ?

ቤታ፣ ጋፒና ኮሪዶራስ በአኳሪየም (በመስታወት የዓሣ ገንዳ) የሚኖሩ ትናንሽ ዓሣዎች ናቸው። ወንድ ቤታ ሌላ ወንድ ቤታ አጠገቡ አያስጠጋም፤ ስለዚህ አብሮት የሚኖረው ዓሣ ሲመረጥ ከመልኩ ይልቅ ጠባዩንና የሚውልበትን የውኃ ክፍል መመልከት ይገባል።

ዋጋ፦ ጋፒ ርካሽ ነው፤ በየወሩ ገደማ ስለሚወልድም ቶሎ ይበዛል። ኮሪዶራስ በመንጋ የሚኖር በመሆኑ ቢያንስ 6 መግዛትና ሰፋ ያለ አኳሪየም ማዘጋጀት ግድ ይላል።

አደጋ፦ ምርጫውን የሚወስነው በተለይ ይህ ነው። የወንዱ ጋፒ ደማቅና ሰፊ ጅራት የተቀናቃኝ ክንፍ ስለሚመስለው፣ ቤታው እያሳደደ ይነክሰዋል፤ ኮሪዶራስ ግን ቀለሙ ደብዘዝ ያለ፣ ውሎውም ከታች አሸዋው ላይ በመሆኑ፣ አልፎ አልፎ አየር ለመጎንጨት ወደ ላይ ተወንጭፎ ከመመለሱ በቀር ከቤታው ጋር እምብዛም አይገናኝም።

አያያዝ፦ ለጋፒ ማዕድን የበዛበት ውኃ ይስማማዋል። ኮሪዶራስ በአፉ ዙሪያ ባሉት ጢሞች እየዳሰሰ ስለሚመገብ ስለታም ጠጠር ይጎዳዋል፤ «የወደቀውን ይለቃቅማል» ተብሎም ያለ ምግብ ሊተው አይገባም።

ሰፊና አሸዋ የተነጠፈበት አኳሪየም ላለው ሰው ኮሪዶራስ ይመረጣል። ጋፒ የሚወድ ሰው ተክል በበዛበት ውኃ ሴቶቹን ብቻ ቢያስገባ ይሻላል፤ እነርሱም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ከሱቅ አርግዘው ይመጣሉ፣ ጫጩቶቹንም ቤታው ይበላቸዋል። አኳሪየሙ ጠባብ ከሆነ ቤታው ብቻውን ይኑር።