ሌጊዮ ማርያም በመሀል አዲስ አበባ፦ በሳምንት ሁለት ሰዓት መስጠት ለሚችል ምእመን

በመሀል አዲስ አበባ ካሉ የካቶሊክ ቁምስናዎች በአንዱ «ማገልገል እፈልጋለሁ» ብሎ ቆሞሱን የሚጠጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት መልስ አንዱን ይሰማል፦ መዘምራን መግባት፣ ሕፃናት ማስተማር ወይም ማኅበር መግባት። ድምፅ ያለው መዘምራን ይገባል፣ ማስተማር የሚሆንለት ልጆቹ ጋ ይሄዳል። የቀረው ሰው ግን «እስቲ ይታሰብበታል» እንዳለ ዓመቱ ይዞራል። ሌጊዮ ማርያም የሚባለውን የካቶሊክ ምእመናን የጸሎትና የጉብኝት ማኅበር የምንመዝነው ለዚህኛው ሰው ይሆናል ወይ ብለን ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንንገራችሁ። ይሆናል፣ ያውም ከብዙዎቹ የቁምስና ማኅበራት ይልቅ ይሆናል፤ ምክንያቱ ደግሞ ሪፖርቱ ነው። ጸሎት በሁሉም ማኅበር አለ። ባለፈው ሳምንት የተሰጣችሁን ሥራ ሠርታችሁ እንደሆነ ስም ጠርቶ፣ ፊት ለፊት፣ በየሳምንቱ የሚጠይቃችሁ ማኅበር ግን ብዙ የለም። ተጠያቂ መሆን የማይወድ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል።

አጀማመሩን ባጭሩ እንለፈው። ፍራንክ ደፍ የተባለ አየርላንዳዊ የመንግሥት ሠራተኛ ከአንድ ካህንና ከጥቂት ወጣት ሴቶች ጋር ሴፕቴምበር 7 ቀን 1921 (በእኛ ጳጉሜን 2 ቀን 1913) ደብሊን ውስጥ ጀመረው፤ በላቲኑ አቆጣጠር የእመቤታችን ልደት ዋዜማ ነበር። ደፍ ከዚያ በፊት የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር አባል ስለነበረ ሳምንታዊ ስብሰባውን፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ቤት መጎብኘቱንና የምስጢር ከረጢቱን (መዋጮ በስውር የሚጣልበትን) ያመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ድንጋጌ ባወጣበት በ1965 እ.ኤ.አ. እሱም በታዛቢነት ተጋብዞ ነበር። ፕሬሲዲየም (በየሳምንቱ የሚሰበሰበው የቁምስናው ቡድን)፣ ኩሪያ (የፕሬሲዲየሞች የበላይ ጉባኤ)፣ ቴሴራ (የጸሎት ካርዱ)፣ ካቴና (ዕለታዊው ጸሎት) የሚሉት የላቲን ስሞች አዲስ ሰው ያስደነግጣሉ፤ በሁለተኛው ስብሰባ ይለመዳሉ።

ከአንድ አባል የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየሳምንቱ ስብሰባ መገኘት። ሁለተኛ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል የታዘዘ ሥራ መሥራት። ሦስተኛ፣ ካቴና የሚባለውን አጭር ጸሎት በየቀኑ መድገም። ካቴና ማለት በዋናነት እመቤታችን በኤልሳቤጥ ቤት ያመሰገነችበት «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» ነው፤ ከመኃልየ መኃልይ የተወሰደ አዝማች ከፊትና ከኋላው አለው። በዚህ አገር ያደገ ክርስቲያን ግማሹን በቃሉ ያውቀዋል፤ ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። የአባልነት ክፍያ የለም። የምስጢር ከረጢቱ ሲዞር ያለውም የሌለውም እጁን ያስገባል፤ ማን ስንት እንደጣለ አይታወቅም፣ ደረሰኝ የለ፣ ቅጣት የለ። የተሰበሰበውም ለማኅበሩ ወጪና ለበላይ ጉባኤው እንጂ ለእርዳታ አይውልም። ይህን የእርዳታ ነገር በኋላ እንመለስበታለን፣ ዋናው ጠብ እሱ ላይ ነውና።

የስብሰባው ጠረጴዛ ቀላል ነው፦ ነጭ ጨርቅ፣ የእመቤታችን ሐውልት፣ ሁለት የአበባ ማስቀመጫ፣ ሁለት መቅረዝ ከነሻማው። ቬክሲሉም የሚባለው ትንሽ ዓርማ ከሐውልቱ በስተቀኝ 15 ሳንቲሜትር፣ ወደ ፊትም 15 ሳንቲሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይቆማል። ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ ሸማ ቆርጦ ማሰፋት ይቻላል፤ ጥበብ የበዛበት አያስፈልግም። ቬክሲሉሙን ኩሪያውን ጠይቁ። አባላቱ የሚቀመጡት በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ ጠረጴዛውን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ሰዉን እንደ ክፍል ተማሪ መደርደር የተለመደ ስሕተት ነው። ሰው ጀርባ ለጀርባ ሲቀመጥ ሪፖርቱ ይሞታል።

ስብሰባው ከተከፈተ ከአንድ ሰዓት ተኩል ማለፍ የለበትም። እዚህ ላይ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። መክፈቻ ጸሎትና አምስቱ ምስጢር መቁጠሪያ 25 ደቂቃ፣ መንፈሳዊ ንባብ 5፣ ቃለ ጉባኤና የገንዘብ ያዥ ሒሳብ 7፣ ቆሞ የሚደገመው ካቴና 3፣ መንፈሳዊ መሪው የሚሰጠው አጭር ቃል 6፣ ከረጢቱ፣ ሥራ ማደሉና ስም መጥራቱ 10፣ መዝጊያ ጸሎትና ቡራኬ 4። ድምሩ 60 ደቂቃ። ለሪፖርት የሚቀረው 30 ደቂቃ ነው። አንድ ጥንድ በአግባቡ ለመናገር 5 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ 6 ጥንድ፣ 12 ሰው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለተኛ ፕሬሲዲየም መክፈት ይሻላል፤ እስከ 20 ሰው ቢፈቀድም አሥራ ስምንተኛው አባል ሪፖርቱን የሚናገረው ሰዉ ቦርሳውን አንሥቶ ነው። ሌላው ሰዓት በሊ የእኛው ማርፈድ ነው። ለአሥር ሰዓት የተቀጠረ ስብሰባ አሥር ተኩል ሲጀመር የሚቆረጠው መቁጠሪያው አይደለም፣ ማንም አይደፍርም፤ የሚቆረጠው ሪፖርቱ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ሰው ቢሆንም በሰዓቱ መጀመር ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሰዉ ራሱ ይስተካከላል።

ወደ ሪፖርቱ እንግባ። የማይረባው ሪፖርት ይህን ይመስላል፦ «እማማን ጠየቅናቸው፣ ደህና ናቸው፣ በጣም ደስ አላቸው።» ከዚህ በኋላ ሊቀመንበሩ የሚጠይቀውም የሚያዘውም የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ይደገማል። የሚሠራው ሪፖርት ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ደረስን፣ አርባ ደቂቃ ቆየን። እማማ ከፋሲካ ወዲህ አልቆረቡም፤ ጉልበታቸው ደረጃ መውረድ አቅቶታል። ልጃቸው ኦርቶዶክስ ነች፣ ካህን ቢመጣ ቅር አይላትም፣ ከሥራ የምትገባው ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ለአባ ነግረናቸዋል። ቀኑ መቆረጡን በሚቀጥለው ሳምንት እናያለን።» ልዩነቱ አራት ነገር ነው፦ መቼና ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን ሁኔታ ላይ ናቸው፣ ምን ተደረገ፣ ቀጥሎስ ምን አለ። ሥራ ማደሉም በዚሁ ልክ መሆን አለበት። «የምትችሉትን ሕሙማን ጎብኙ» ተብሎ የወጣ ጥንድ ማንንም አይጎበኝም። ይህ ቤት፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ይህ ሳምንት መባል አለበት። ሥራ ሲጠፋ ቤተ ክርስቲያን መጥረግን እንደ ሳምንቱ ሥራ መመዝገብም አለ። መጥረጉ መልካም ነው፣ ይጠረግ፤ ሰው ወደ ሰው ካልሄደ ግን ሌጊዮው የጽዳት ኮሚቴ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ጉድለት የምናየው ቴሌግራም ነው። በስብሰባ የተሰማ ነገር ከስብሰባ አይወጣም የሚለው ደንብ ከጥንቱም ጥብቅ ነው። አሁን ግን የፕሬሲዲየሙ ግሩፕ ላይ የታማሚ ፎቶ ከነስሙ «በጸሎት አስቧቸው» ተብሎ ይለጠፋል፣ ማታውኑ ሦስት ግሩፕ ይዞራል። የተጎበኘው ሰው ቤተሰብ ያየ ዕለት በሩ ይዘጋል። ግሩፑ ለቀጠሮ ብቻ ይሁን። ቃለ ጉባኤው በደብተር ይጻፍ፣ ደብተሩም ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ፤ ጉዳዩ ስስ ሲሆን ደብተሩ ላይ እንኳ ስም አይጻፍ።

ጉብኝቱ በአዲስ አበባ ልክ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ስልክ ይደወላል። ሳይደውሉ መሄድ ድሮ ፍቅር ነበር፤ ዛሬ በኮንዶሚኒየም በር ላይ ጥበቃ ያስቆማችኋል። ስትደውሉ «ለግማሽ ሰዓት ነው የምንመጣው፣ ቡና እንዳታፈሉ» በሉ። ይፈላል፣ እሱን ተዉት፤ አቦሉን ጠጥታችሁ ስትነሡ ግን ማንም አይቀየምም፣ አስቀድማችሁ ተናግራችኋልና። ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ያዳምጣል፣ ብቻውን ያየውንም ብቻውን አይተረጉምም። ቤቱ ውስጥ የኦርቶዶክስ ወይም የፕሮቴስታንት ዘመድ መኖሩ የተለመደ ነው፤ «ሃይማኖት ሊያስለውጡ መጡ» የሚለው ጥርጣሬም አለ። የማንን ደኅንነት ልትጠይቁ እንደመጣችሁ በስም ተናገሩ፣ ለቤቱ ሁሉ ሰላምታ ስጡ፣ ክርክር ቢነሣ አትግቡበት። ምስክርነቱ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ መምጣታችሁ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ መጥፋት ጭራሽ ካለመሄድ የባሰ ቅሬታ ያተርፋል።

በመሀል ከተማ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የሚያስገኘው ሥራ በእኛ ግምት የሆስፒታል ጉብኝት ነው። ጥቁር አንበሳ ወይም የካቲት 12 ሆስፒታል ከእምድብር፣ ከሆሳዕና ወይም ከሶዶ በሪፈር የመጣ ካቶሊክ ተኝቶ፣ አስታማሚው ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ያድራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ላይኖር ይችላል። እዚህ ጥንዱን ስትመርጡ ቋንቋ ተመልከቱ፤ ጉራግኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ ወይም ወላይትኛ የሚችል አንድ አባል የአሥር ሰው ሥራ ይሠራል። የጠያቂ ሰዓት ጠብቁ፣ ነርሷን አስፈቅዱ፣ አልጋ ላይ አትቀመጡ፣ ምንም አታጉርሱ። ታማሚው ንስሓ ወይም ምስጢረ ቀንዲል ከፈለገ የክፍሉን ቁጥርና የአልጋውን ቁጥር ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለካህን አድርሱ፤ እስከ እሑድ ማቆየት አይገባም።

አሁን ወደ ጠቡ። ሌጊዮ በጉብኝት ላይ ቁሳዊ እርዳታ መስጠትን ፈጽሞ ይከለክላል፤ ገንዘብም፣ ያገለገለ ልብስም ቢሆን። ታማሚ ቤት ባዶ እጅ መሄድ ነውር በሆነበት አገር ይህ ደንብ ይቆረቁራል፤ አዲስ አባላት ከሚለቁባቸው ምክንያቶችም አንዱ ነው። እኛ ግን ደንቡ ልክ ነው ባይ ነን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዛችሁ ሄዳችሁ እንበል። በሁለተኛው ሳምንት ቤተሰቡ ሳያስበው እጃችሁን ያያል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ገንዘብ የሌለው አባል «ምን ይዤ ልሂድ» ብሎ ይቀራል፤ ጉብኝቱም ያላቸው ሰዎች ሥራ ይሆናል። የጎረቤት ወሬም ይከተላል፦ እነ እገሌ ሲረዱ እኛን ለምን ዘለሉን? ስለ ነፍሱ ሊነግራችሁ የነበረው ሰው ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ያወራችኋል። ችግሩ እውነት ነው፣ መልስም ይፈልጋል፤ መልሱ ግን ለቁምስናው የበጎ አድራጎት ክፍል ወይም የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ካለ ለእነሱ በዚያው ሳምንት ማስተላለፍና መድረሱን መከታተል ነው። ይህን መስመር ሳያዘጋጅ የክልከላውን ደንብ ብቻ የሚያስከብር ፕሬሲዲየም በእውነት ጨካኝ ነው፣ ቢወቀስም ይገባዋል።

ሌላው ክብደት ርቀት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ፣ ካዛንችስም ከተከተለ በኋላ፣ በእግር አምስት ደቂቃ ይደረስባቸው የነበሩ ምእመናን ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል። እሑድ ለቅዳሴ ወደ ቀድሞ ቁምስናቸው የሚመለሱ አሉ፤ አዛውንቱና ሕመምተኛው ግን አይመለሱም፣ መጎብኘት የሚገባቸው ደግሞ እነሱው ናቸው። ደንቡ ሁለት ሰዓት ሥራ ሲል የታክሲ ሰልፍን አስቦ አይደለም። የሚያዋጣው ዘዴ በአንድ ሰፈር ያሉትን ሁለት ሦስት ቤቶች ሰብስቦ ለአንድ ጥንድ ማደልና በአንድ ጉዞ ማዳረስ ነው። እዚያው አካባቢ ካቶሊክ ቁምስና ካለ ስሙን ለዚያ ቆሞስ ማስተላለፍ ይሻላል፤ «የእኛ ሰው ነው» ብሎ መያዝ ለታማሚው አይጠቅመውም።

ለማን ይሆናል? ለጡረተኛ፣ አሥራ አንድ ተኩል ከቢሮ ለሚወጣ ሠራተኛ፣ ልጆቿ ለደረሱላት እናት በጣም ይሆናል። ፈረቃ ለሚሠራ ነርስ ወይም ሾፌር አይሆንም፤ ሁለት ስብሰባ አሳልፎ ሦስተኛውን መምጣት ለራሱም ለጥንዱም ሸክም ነው። ለእሱ ረዳት አባልነት አለ፦ ስብሰባ የለውም፣ ሥራ አይታደልም፤ መቁጠሪያውን ጨምሮ ቴሴራው ላይ ያሉትን ጸሎቶች በሙሉ በየቀኑ ያደርሳል። ቀላል መስሏቸው የሚመዘገቡ አሉ፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነው ወይስ ማታ ከመኝታ በፊት የሚለውን ሳይወስኑ ስም ባይሰጡ ይመረጣል።

ንቁ አባል ለመሆን የሚፈልግ ቢያንስ ሦስት ወር በሙከራ ይቆያል፤ ከዚያ እጁን ቬክሲሉሙ ላይ አድርጎ ለመንፈስ ቅዱስ ቃል ይገባል። ሦስቱን ወር እንደ ይስሙላ አትዩት። በዚያ ጊዜ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ጋር ውጡ፤ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የወጣ የሰውየውን አመል እንጂ ሥራውን አይማርም። ያልሆነለት ሰው ቢተው ነውር የለውም። ብቻ የጀመራቸውን ቤቶች ለተተኪው ጥንድ ስልክ ደውሎ ያስተዋውቅ፣ አንድ ጊዜም አብሮ ሄዶ ያስረክብ።